ለላውንድሪ ማሽን የተነገረ ተረት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነግሩኝ አጎቴ ጋሽ በቀለ፣ ስትሮክ መቷቸው አንደበታቸው የተያዘ ሰው ነበሩ። በስደት በምንኖርባት አውሮራ ከተማ ውስጥ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ባለው አፓርታማችን ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ቀድሞ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ከታመሙ በኋላ ግን ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፣ የሚያውቁት ቃልም ምላሳቸው ላይ ደርሶ ይጠፋባቸው ጀመር። የንግግር ሐኪሟ በየቀኑ ጮክ ብለው እንዲያወሩ ስላዘዘቻቸው፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበርኩትን እኔን አድማጭ አድርገው መረጡ።

ያኔ ትምህርት የሚዘጋበት ሞቃቱ ሰመር ስለነበር ፀሐይዋ በረድ ስትል በረንዳ ላይ እንቀመጣለን፤ ከታች ያሉት ሜክሲኳውያን ጎረቤቶቻችን ሥጋ ሲጠብሱ ጭሱ ወደ እኛ ይወጣል፣ ቁልቁል ሳይ የከሰሉ ፍም ይታየኛል። ጋሼ ወንዝ መሻገር ስላቃታት ቀበሮ ይነግሩኛል። «ቀበሮ» ለማለት ሲታገሉ ግን «በቅሎ» ይወጣቸዋል። ራሳቸውን ይነቀንቁና «ቆይ... ቆይ... እንደገና» ብለው ከመጀመሪያው ይነሳሉ። እንዲህ ሁለት ወር ያህል ሰማኋቸው፤ አንዳንዴ በደስታ፣ አንዳንዴ እማዬን ፈርቼ ብቻ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አማርኛ የሚሰሙ ሁለት የትምህርት ቤት ጓደኞቼ መጡ። ጋሼ አድማጭ በመብዛቱ ደስ ብሏቸው ተረቱን ጀመሩ፤ ያ ቃል ጋ ሲደርሱ ተያዙ። ልጆቹ ተያይተው አፋቸውን በእጃቸው አፈኑ። ፊቴ በእፍረት ጋለ። በእኔም እንዳይስቁ ቀደም ብዬ እኔው ከንፈሬን አጣምሜ «በ... በ... በቅሎ!» አልኩ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሳቃቸው ሲያደፋፍረኝ ጨመርኩበት፦

«ጋሼ፣ ፕሊስ ስቶፕ ያድርጉ! የሚሉት ለማንም አይገባም እኮ!»

ጋሼ አልተቆጡም። በግራ እጃቸው ከዘራቸውን ፈልገው አነሱና ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ከማግስቱ ጀምሮ አልጠሩኝም፤ እኔም እፎይ አልኩ።

ከሳምንት በኋላ እማዬ የሚታጠብ ልብስ አሸክማ ምድር ቤት ወዳለው ላውንድሪ ላከችኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ለሚሽከረከረው ማሽን ያንኑ ተረት ይነግሩታል። ቃሉ ላይ ይያዛሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይያዛሉ። ገብቼ አጠገባቸው መቀመጥ እችል ነበር። ቅርጫቱን እንደያዝኩ ተመልሼ «ማሽኖቹ ተይዘዋል» ብዬ እማዬን ዋሸኋት።

ሰመሩ አልፎ በረዶ ጥሎ እስኪቀልጥ ድረስ ጋሼ ያንን ደረጃ ሲወርዱ ሲወጡ አየሁ። በመጨረሻ የዜግነት ኢንተርቪው ሲጠሩ ለጥያቄው ሁሉ ራሳቸው መልሰው አለፉ፤ ደሴ የቀሩትን ባለቤታቸውን እትዬ ዘነበችን ለማምጣትም መንገዱ ተከፈተላቸው። ለደስታው ቤታችን በተሰበሰበው ሰው ፊት ተነሥተው፣ ረጋ ብለው፣ «አፌን የፈታችው ይቺ ልጅ ናት» አሉ። እልል ተባለ። እናቴ ሳመችኝ። እኔ ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ።

ጋሼ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆነ። ባለፈው ወር እትዬ ዘነበች ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ያለው ቤቴ ውለው ግሌንዴል ወዳለው ቤታቸው ስሸኛቸው፣ በራቸው ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ በጋሼ እንዳሾፍኩባቸውና እንደተውኳቸው እውነቱን ነገርኳቸው። ምንም አልገረማቸውም።

«ነግሮኛል እኮ» አሉኝ። «‹ልጅ ናት፤ ያን ሁሉ ቀን ቁጭ ብላ ሰምታኝ የለ?› ነበር ያለኝ።»

ሰው ስለ ጋሼ ሲያወራ ጽናታቸውን ያነሳል፤ እውነት ነው። እኔን የሚከብደኝ ግን ሌላው ጠባያቸው ነው። ቂም ቢይዙ ኖሮ ያቺ የቀረቻቸው ትንሽ ጉልበት እዚያው ታልቅ ነበር፤ እሳቸው ግን የሰማኋቸውን ቀናት ይዘው የቀረውን ተዉት። እኔ ግን የዚያን ቀን እፍረቴን መተው አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት አጠገቤ ኖሩ፤ አንድ ቀን እንኳ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላልኳቸውም።