የአያ ካሳ አውራ ጣት

ከደሴ ስነሳ ለባልደረቦቼ፣ «እንኳን ከሰው፣ ጣት ከሌለው እባብም አሻራ አነሳለሁ!» ብያቸው ነበር።

የተላክሁት ላሊበላ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ገበሬ ከወረዳው ሲወጣ የይለፍ ወረቀት ይይዛል። ወረቀቱን ሰው እየተዋዋሰው አስቸገረ ተባለና አውራ ጣት ይታተምበት ተባለ። አታሚው እኔ። በራሴ ይለፍ ላይም፣ መፈረም ስችል፣ ለሙያዬ ክብር ስል አሻራዬን አትሜ ተነሳሁ።

ጋሸና

ከወልድያ ዳገቱን የወጣሁት በጭነት መኪና፣ የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ብርዱ ጢሜን ሊነቅለው ምንም አልቀረው። የገብስ እንጀራ በሽሮ በሃምሳ ሳንቲም በላሁ፤ ሽሮው ከሳህኑ አፌ እስኪደርስ በረዶ ይሆናል። አሻራ የሚመረመርበት አጉሊ መነጽር ለኬላው ገና አልተላከለትምና ወታደሩ ወረቀቴን ገረፍ አድርጎ አሳለፈኝ።

ላሊበላ

አፋፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ዐለት ነው፤ ከመሬት ሆድ ውስጥ ቆሞ ጣሪያው ከእግሬ በታች ነው። እኔ፣ ድመትን አንበሳ የማደርገው ሰውዬ፣ የማጋንነው አጣሁ። የደጃፉ ድንጋይ በስንት ትውልድ እግር ተፍቆ እንደ ሳሙና ለስልሷል።

በማግስቱ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አያ ካሳ ከባለቤታቸው ከእትዬ የሺ ጋር መጡ። ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ለሚያወጣው መንገድ ድንጋይ ሲጠርቡ ያረጁ ሰው ናቸው። ልጃቸው ጦር ግንባር ላይ ቆስሎ ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል። የዛሬዋ መኪና ካመለጠቻቸው ሌላ መቼ እንደሚገኝ አንድዬ ይወቀው።

ጣታቸውን ቀለም ነክሬ ተጫንኩት። ጥቁር ድቡልቡል ወጣ። ቀለም ጨመርኩ፤ ባሰ። በሁለት እጄ ተጫንኩ።

«ቀስ በል እንጂ ጓድ፣ ሽሮ አደረግኸው!»

«ጣትዎ እኮ ነው አያ፤ መስመር የለውም። የደጃፉን ድንጋይ መስሏል።»

«ድንጋዩን በላሁት ስል፣ ለካ እሱም ሲበላኝ ኖሯል።»

እትዬ የሺ ከበሩ ሆነው፣ «ያን ሁሉ ቀለም የምታፈሰው በሬ ልትቀባ ነው?» አሉኝ።

አንድ ወረቀት ብቻ ቀረኝ። የመኪናዋ ጡሩንባ ጮኸ። አያ ካሳ ጣታቸውን ቁምጣቸው ላይ ጠረጉና፣ «ተወው፤ ልጄም አምላክ አለው» ብለው ለመነሳት ጠረጴዛውን ተደገፉ። አውራ ጣታቸው የወረቀቱ ዳር ላይ አረፈ።

ሲያነሱት አሻራ! ቀጫጭን መስመሮች፣ ከአሸተን ሲያዩት እርከኑ ጋራውን እየዞረ እንደሚወርደው። ላስታ በሙሉ አንዲት ጣት ላይ ተኝታለች።

«አያ፣ በሞቴ፣ አሁን እንዳደረጉት! ትንሽ ዝቅ ብለው!»

በዚያችው ጭላጭ ቀለም፣ ያለ ጉልበት፣ በቦታው አሳረፍነው። እንደ ፊተኛው ጥርት ብሎ ወጣ።

ጋሸና፣ ስንመለስ

ወረቀት ስላለቀብኝ እኔም በዚያችው መኪና ተሳፍሬአለሁ። ኬላው ላይ አጉሊ መነጽሩ ደርሷል። ወታደሩ የአያ ካሳን ወረቀት አየ፣ ጣታቸውን አየ። «ይለፉ አባባ።»

ወደ እኔ ዞረ። «ይሄ ምንድነው? ዝንብ ጨፍልቀህበት ነው?»

«አሻራዬ ነው። አሻራ አንሺ ነኝ።»

የወታደሩ ሳቅ እስከ ወገል ጤና ከተማ ሳይሰማ አልቀረም። አያ ካሳ ከጆንያው ላይ፣ «አውቀዋለሁ! ቀለም ያበዛል እንጂ ሰውስ ደህና ነው!» ብለው መሰከሩልኝ። አልበቃም። መኪናዋ እሳቸውን ይዛ ሄደች፤ እኔ ማንነቴ እስኪጣራ ቀረሁ።

ደሴ እንደገባሁ ሆስፒታል ሄድኩ። አያ ካሳ ልጃቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው በዚያች ለስላሳ ጣት ቆሎ ያቀብሉታል። «መጣህ? ለቀቁህ?» አሉኝ።

ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ጣት ስጫን ኖሬ የራሴን አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም ነበር። በይለፌ ላይ ያን ጥቁር ድቡልቡል ያተምኩት ራሴ ነኝ፤ በሌላው እጄ ጭምር ተጭኜ።