ያልወለደችው አራስ

ትናንት ሶዶ ገበያ ያየሁትን ሳልነግራችሁ አላስችል አለኝ... ግን ከመጀመሪያው ልጀምር።

የአክስቴ ልጅ ታደለች ስፖርተኛ ናት። ሐዋሳ ክለብ ገብታ ሐይቁን ትዋኛለች፣ ከውሃ ወጥታ ብስክሌት ትጋልባለች፣ ከብስክሌት ወርዳ ትሮጣለች። ሁሉንም በአንድ ቀን! ትራያትሎን ይባላል። እኛ ሰፈር ስሙ ስለሚከብድ «ሦስቱ» ነው የሚሉት።

ባለፈው ወር እኔ በማስተምርበት ቤሌ ወሬ ደረሰኝ። ታደለች ወለደች! እንዴ... ባል መች አገባች? ወሬውን ያመጣችው ሴት ግን በዓይኗ አይታለች። ታደለች ተጋድማ፣ ፀጉሯ በቅቤ ርሶ፣ እናቷ ገንፎ ስታቀርብላት። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜ አውቶብስ ይዤ አክስቴ ወዳለችበት ሶዶ ሄድኩ። ገበያው ዳር ካሉት የስልጤ ሱቆች አንዱ ገብቼ የሕፃን ብርድ ልብስ ጠየቅኩ።

«ወንድ ነው ሴት?» አለኝ ባለሱቁ።

«አላወቅኩም።»

«እንግዲያው ቢጫ ውሰጂ። ለሁሉም ይሆናል።»

ቢጫዋን አቅፌ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያልኩ አክስቴ ቤት ገባሁ። ታደለች እኔን አየች፣ ብርድ ልብሱን አየች...

«አንቺም?» አለችኝ።

ለካ ውድድሩ አልቆ ነው የመጣችው። አሰልጣኟ ወር ሙሉ እንዳትሮጪ፣ ፔዳል እንዳትረግጪ፣ ውሃም እንዳትነኪ ብሎ ልኳታል። ሰውነቷ ካላረፈ የሚቀጥለውን ዓመት አይችልም። አክስቴ ደግሞ ማሳረፍ የምታውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በቅቤና በገንፎ። ጎረቤት አየ፣ ወሬው አንድ ለአምስት የተደራጀ ይመስል ዞኑን አዳረሰ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሳትቀር መጥታ «ቤት ውስጥ ነው የወለደችው? ሕፃኑስ ክትባት ጀመረ?» እያለች አክስቴን አፋጥጣ ይዛት ነበር።

እኔ በሳቅ ስፈርስ አባቷ ጋሽ ዳና ከዕድር ተመለሰ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ልጅህ ሳትዳር ወለደች አሉኝ» አለ። «ሰው ሁሉ ፊት... ስሚ ታዴ፣ ነገ ጠዋት አንዴ ብቻ እስከ ዳሞታ ተራራ ሥር ሩጪ። ሰው ይይሽ፣ አፉን ይያዝ!»

 አምናም እንዲሁ ሆኗል። «ከክለብ ተባረረች» ሲሏት እልህ ይዟት እረፍቷን ትታ ዳሞታን ስትወጣ ስትወርድ ከረመች። የእግሯ አጥንት ተሰነጠቀና ግማሹን ዓመት ተኛች። ዘንድሮ ቢደገም ክለቡ ያሰናብታታል።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «አምና ለሰው አፍ ብዬ ሮጥኩ። ሰውም ዝም አላለ፣ የተሰነጠቀውም የኔ እግር ነው። ዘንድሮ አልሮጥም።»

ጋሽ ዳና ተመልሶ ወጣ። አክስቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«አራስ ናት አሉ አይደል? እንግዲያው እንደ አራስ አርሳታለሁ! ወሩ ሲያልቅ ገበያ አወጣታለሁ!»

እኛ ጋ በድሮው ወግ አራስ በርትታ ስትወጣ አናቷ ላይ ቅቤ አድርጋ፣ ጃንጥላ ተይዞላት ገበያ ትዞራለች። ሰው ያያታል፣ ይመርቃታል።

እዚያው አደርኩ። ጠዋት የሰፈሩ ሯጮች ኮቴ በበሩ ሲያልፍ ጋቢው ሥር የታደለች እግር ሲወራጭ አየሁ። ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው... ኮቴው እስኪርቅ ድረስ።

«ሐዋሳ ከጉማሬ ጋር ስዋኝ እንኳን እንዲህ አልተቸገርኩም» አለችኝ።

እኔ ክረምቱን ሙሉ ተኝቼ ማንም አድንቆኝ አያውቅም፤ ልክም ነው። መሮጥ የሚችል ሰው፣ ሀገር እያማው፣ አባቱ እየለመነው ቁጭ ሲል ግን... እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ጀግና አላየሁም።

ትናንት ወሩ አለቀ፣ እኔም ተመልሼ መጣሁ። አክስቴ ጃንጥላ ይዛ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ፣ ታደለች ቅቤዋን አናቷ ላይ አድርጋ ገበያ ገባች። በእጇ የምትገፋው ብስክሌቷን ነው። ጋሽ ዳና ራቅ ብሎ ከኋላ ይከተላል።

«ልጁስ?» ብላ ጮኸች አንዲት ቅቤ ሻጭ። «ልጁን አሳዩን እንጂ!»

ሁሉም ዞረ። ታደለች አፏን ሳትከፍት ጋሽ ዳና ሰዉን ገፍቶ መጣና ብስክሌቱን ብድግ አድርጎ ወደ ላይ ያዘው።

«ይኸው! የልጅ ልጄ ይሄ ነው! እናቱም ደህና ናት፣ እግሯም አርፏል!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ቅቤ ሻጯም ጣቷን ቅቤ ነክራ የብስክሌቱን መሪ ቀባችውና መረቀችው።

«በይ አሁን ሂጂ» አላት አባቷ። ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ወደ አርባ ምንጭ መንገድ ቁልቁል ሄደች። እሱም እስክትሰወር ቆሞ አያት።

ቢጫዋ ብርድ ልብሴስ? ልመልስለት ብል ባለሱቁ አልቀበልም ብሎኝ የብስክሌቱ ኮርቻ ላይ ታስራለች... እንኳን አልተቀበለኝ።