የከርከሮ ጉድጓድ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ካለችው ሱቄ ደጃፍ ባጃጅ አስቁሞ ወረደ። ከራሱ ቁመት በላይ የሚወጣ ቦርሳ አዝሏል፤ ከአዲስ አበባ መምጣቱ አፉን ሳይከፍት ያስታውቃል። ውኃና ብስኩት ገዛና ስልኩን አውጥቶ ካርታ አሳየኝ።

«ፋዘር፣ የጌራ ደን በአጋሮ በኩል ነው አይደል?»

«በአጋሮ ነው። ስንት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት?»

«ብቻዬን ነኝ። ጫካ ብቻህን ስትገባ ነው የሚጥመው።»

«ሰው ይዘህ ግባ» አልኩት።

«ጂፒኤስ አለኝ እኮ፣ ፋዘር» ብሎ ሳቀ። የባጃጁ ሹፌርም «ጋሽ ታዬ፣ ይተዉት እንጂ፤ ልጁ ዞር ዞር ብሎ ይምጣ» አለኝ። ሄዱ። እኔ ግን ያን ቀን ሥራ እምቢ አለኝ። ፋዘር መባሌ አይደለም ያናደደኝ። በእሱ ዕድሜ እያለሁ በዚያው መንገድ፣ እንደሱ ብቻዬን ሄጃለሁ።

ያን ጊዜ አጋሮ፣ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። አባቴ ከመንዝ በፖሊስነት ተመድቦ ጅማ መጣና እዚሁ ሞተ። በቾ ቦሬ ባለችው የጭቃ ቤታችን እናቴና ታናሽ እህቴ አልማዝ የሚበሉት ከእኔ ትከሻ ነበር። እኔ በትምህርት ቤት ደጃፍ አልፌ አውቃለሁ፤ ገብቼ አላውቅም። አልማዝ ግን ትማር ነበር። ከእኛ ቤት አንድ ሰው እንኳ ወረቀት ሲሰጡት የማይደነግጥ ይውጣ ብዬ ነው። ከአጋሮ ቤት በገባሁ ቁጥር፣ ማታ በኩራዝ ስታነብ ድምፅዋን እየሰማሁ እተኛለሁ። ምን እንደምታነብ አይገባኝም፤ ግን በጀርባዬ የተሸከምኩት ከረጢት ሁሉ እዚያ ድምፅ ውስጥ የገባ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ጀማል የሚባል ረጅም ጫኝ ጓደኛችን ስለ ጌራ ደን አነሣ።

«ማንም ያልተከለው ቡና ነው ያለው። ጉሬዛ በልቶ ይጥለዋል፣ መሬቱ ያበቅለዋል።»

«ውሸትህን ነው» አልኩት።

«ወላሂ። አንተ የበቾ ቦሬ ልጅ ምን ታውቃለህ? ቡና በከረጢት የሚበቅል ነው የሚመስልህ።»

ሁሉም ሳቁብኝ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ወጣት ሰው ግን ከትልቅ ነገር ይልቅ እንዲህ ያለው ይከነክነዋል። በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ሥራ የለም። ከደኑ አጠገብ ወዳለችው ጪራ የሚሄድ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ ሄድኩ።

ኅዳር ነበር። ዝናቡ ቆሟል፤ የመንገዱ ቀይ ጭቃ ደርቆ አቧራ መሆን ጀምሯል። በየደጁ ቀይ ቡና በሰሌን ላይ ተሰጥቷል፤ አገሩ ሁሉ የበሰለ ቡና ገለባ ይሸታል፣ እንደ ጠላ ጥንስስ ያለ ሽታ። ጪራ ገበያ ዳር ቅቅል ጎደሬ በዳጣ በላሁና በእግሬ ገባሁ። ከመጨረሻው ቤት አጠገብ እንጨት የተሸከመች ሴት አየችኝና «ኮጳ ኬ?» አለችኝ፤ ብቻህን ነህ ወይ ማለቷ ነው። «ምን ይበላኛል?» ብያት አለፍኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የቀረሮው ዛፍ ከላይ ሰማዩን ዘግቶታል፤ ከሥር ብርሃኑ አረንጓዴ ነው። ከፍ ካሉት ቅርንጫፎች ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጅራታቸውን እያንዠረገጉ ይዘላሉ። ጀማልም አልዋሸም፤ ቡናው ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ማንም አልተከለውም። ቀዩን ፍሬ እየቀጠፍኩ ጣፋጩን ልጣጭ መጠጥኩ። ሰው ከማያየኝ ቦታ፣ ሸክም ሳልሸከም ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ደስታ ነው።

ከደኑ ወዲያ የበቆሎ ማሳ አለ። ወደዚያ የሚወስደው ቀጭን መንገድ ላይ፣ የግራውና የቀኙ ረጅም ሣር እርስ በርሱ ተቋጥሮ አየሁ። የልጆች ጨዋታ መሰለኝ። በእግሬ በጥሼው አለፍኩ። የዚያ አገር ገበሬ ከርከሮ በቆሎውን ሲጨርስበት ጉድጓድ ቆፍሮ በጭራሮና በቅጠል ይሸፍናል፤ ሰው እንዳይገባበት ደግሞ ከፊቱ ሣር ይቋጥራል። ይህን ጌራ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔ ፊደል አለማወቄን አውቅ ነበር፤ ሣርም እንደሚነበብ ማን ነገረኝ?

መሬቱ ከሥሬ ሄደ። ስነቃ አፌ አፈር ሞልቷል፣ ቀኝ እግሬ ከጉልበቱ ወዲያ ዞሮ የሌላ ሰው እግር መስሏል። ጉድጓዱ ከእኔ ቁመት እጥፍ ይሆናል። ግድግዳውን ብቧጥጥ አፈሩ ይናዳል። ጮህኩ። መልስ የሰጠኝ ዝንጀሮ ብቻ ነው። ሲመሽ እናቴን ጠራሁ፤ ሌላ የምጠራው አልነበረኝም።

ጠዋት የሰው ድምፅ ሰማሁ። ቡና ለቃሚዎች ናቸው፤ እየተሳሳቁ ይመጣሉ። «እዚህ ነኝ፣ አውጡኝ» እያልኩ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ። ሳቁ ቀጥ አለ። ከዚያ አንድ የሽማግሌ ድምፅ «አዑዙ ቢላሂ» ብሎ መቅራት ጀመረ። በአማርኛ ስለጮህኩ ያልገባቸው መስሎኝ በኦሮምኛ «ነ ባሳ፣ ነ ባሳ» አልኩ። ባሰባቸው። ሴቶቹ ጮኹ፣ ቅርጫት ሲወድቅ ተሰማኝ፣ እግሮች ሮጡ። ድምፄ ከመሬት ሥር ነው የሚወጣው፤ ለእነሱ ሁለት ቋንቋ የሚችል ጂኒ ሆንኩ። «ኧረ በማርያም» ብዬ ለመንኩ። ከላይ ማንም አልነበረም።

ያን ቀን ፀሐይዋ በጉድጓዱ አፍ ላይ አልፋ ሄደች። እርጥብ አፈር ላስኩ። እግሬ አብጦ ሱሪዬን ወጠረው፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ ዝንብ አገኘው። ስለ ሞት አላሰብኩም። የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ይሄ እግር ከረጢት ካልተሸከመ አልማዝ ምን ትሆናለች?

በነጋታው ተመልሰው መጡ። ጦርና መጥረቢያ ይዘዋል። ያው የሽማግሌ ድምፅ ከላይ ጠየቀኝ፤ አባ ራያ እንደሚባል ኋላ ነው ያወቅኩት።

«ሰው ነህ ጂኒ?»

«ሰው ነኝ፣ አባባ። እግሬ ተሰብሯል።»

«አገርህ የት ነው?»

«ጅማ። በቾ ቦሬ።»

«በቾ ቦሬም ጂኒ ይኖራል እኮ» አለ አንዱ ጎረምሳ። ሌላው ሳቅ አፈነ።

«ውኃ ስጡኝ» አልኩ።

«ውኃ ጂኒም ይጠጣል» አለ አባ ራያ።

ተንሾካሾኩ። ከዚያ በሐረግ የታሰረ፣ የተጠቀለለ የኮባ ቅጠል ወረደልኝ። ምግብ መሰለኝ። ስፈታው ጨው ነው፣ ለከብት የሚሰጠው ሻካራ ጨው።

«ብላው። ጂኒ ጨው አይቀምስም። እያየሁህ ብላ።»

አፌ ውስጥ ጨመርኩት። ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ምላሴ እንጨት ሆኗል። አቃጠለኝና ሳላስበው ተፋሁት። «ተፋው» አለ አንዱ። መጥረቢያ ሲነሣ ብረቱ ብልጭ አለ።

«የተፋኸውን አንሣ» አለ አባ ራያ፣ በቀስታ።

ከጭቃው ላይ በጣቶቼ ለቅሜ፣ ከነአፈሩ ዋጥኩት። ከዋጥኩ በኋላ የአባ ራያን እናት፣ አባትና ሰባት ቤት ሰደብኩ። እንዲያ ያለ ስድብ ከመጋዘን ጫኞች አፍ በቀር የትም አይገኝም።

«ሰው ነው» አለ ጎረምሳው። «ጂኒ እንዲህ አይሳደብም።»

ያን ጊዜ መሰላል እንኳ አልጠበቁም፤ ዘለው ወረዱ። በቅል ውኃ አጠጡኝ፣ ጋቢያቸውን አወለቁ፣ ቃሬዛ ሠሩ። በሩጫ እስከ ጪራ እየተቀባበሉ ተሸከሙኝ። በየደጁ ወተት ይዛ የምትወጣ ሴት ነበረች። ለመፍራት እንዳልሰሰቱ ለመርዳትም አልሰሰቱም። ይሄንንም መናገር አለብኝ።

ጅማ ሆስፒታል ሐኪሙ እግሬን አገላብጦ አየና «ትናንት ብትመጣ ኖሮ» አለ። የቀረውን አልጨረሰም። እግሬ አልተቆረጠም፤ ግን ጉልበቱ ዳግም አልታጠፈም። በማይታጠፍ ጉልበት ከረጢት አይነሣም። አልማዝ ከአምስተኛ ክፍል ወጥታ ሰው ቤት ገባች። ሥራ ፈትቼ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ፣ ጥላው በሄደችው መጽሐፍ ፊደል ቆጠርኩ። የጎረቤት ሰው ይሄን ሲሰማ «አየህ፣ ለበጎ ነው» ይለኛል። ለማን በጎ?

አባ ራያ ሆስፒታል ድረስ ማር ይዞ መጥቶ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና እጁን እያየ ተናገረ።

«በመጀመሪያው ጠዋት ሰምቼሃለሁ። ሰዎቹን ያስሮጥኳቸው እኔ ነኝ። በምሽቱ ማሳ የሚጠብቅ ልጄ፣ ያ ነገር ትናንት ማታ እናቱን ይጠራ ነበር አለኝ። ጂኒ እናት የለውም ብዬ ተመለስኩ። አፉ በለኝ።»

ማሩን ወደ ራስጌዬ አስጠጋልኝ።

«አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አለኝ።

ልዋሸው ፈልጌ ነበር። «እሮጥ ነበር» አልኩት።

እሱ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። የሚያንገበግበኝም እስከ ዛሬ ይሄው ነው። ክፉ ሰው ባገኝ ጠልቼው እገላገል ነበር። የገጠመኝ ግን ሰው እንዳይጎዳ ሣር የሚቋጥር፣ በእኔ ቦታ እኔም የማደርገውን ያደረገ ሰው ነው። ሰውን በደግነቱ መጥላት አይቻልም፤ ይቅር ለማለትም በደል ያስፈልጋል።

ወጣቱ ከደኑ በደህና ወጥቶ ይሆናል። እሱም ቢጮህ ዛሬ ስልክ አለ፤ መቼም ሁሉም ነገር እንደ እኔ ዘመን አይደለም።

አልማዝ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሱቄ ትመጣለች። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል፣ እጇ በሰው ልብስ አጠባ ሻክሯል። ልጇ ከአረብ አገር በስልክ ጽፋ የላከችላትን ታመጣልኛለች። ፊደሉን ትለየዋለች፤ መገጣጠሙ ነው የጠፋባት። እኔ በለሆሳስ ሳነብላት ከንፈሯ ከእኔ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ቃል ላይ ሲደርስ ይቆማል። እኔም እቆማለሁ፤ ምናልባት እሷ ትጨርሰው እንደሆነ ብዬ እጠብቃታለሁ።

«ምን ትፈዛለህ፣ ቀጥል እንጂ» ትለኛለች።

እቀጥላለሁ።