ችግኝ ከነአፈሩ

ዘር የምዘራው በማሽን ነው። ይህን ስናገር ድምፄን ዝቅ አላደርግም። ኮምቦልቻ፣ ክር ፋብሪካ ውስጥ ስምንት ዓመት ቆሜ ሠርቻለሁ፤ ማሽን ሲታመም ከድምፁ አውቃለሁ። አንድ የአበባ እርሻ ሥራ ሲያቆም የዘር መዝሪያ ማሽኑን ሊሸጥ ነው ሲሉ ሰማሁና ያለኝን ሁሉ አሟጥጬ ገዛሁት። በጋሪ ጭኜ ስመጣ ጎረቤቱ በሩ ላይ ወጥቶ «ዘር በመብራት ልትዘራ ነው!» እያለ ሳቀብኝ። «ድንቄም ገበሬ!» ያለችኝም ነበረች። ይሳቁ፣ ሳቅ ጥርስ አያረግፍም።

ማሽኑ ደግሞ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ነው፤ አየር ይስብና በየቀዳዳው አንዳንድ ፍሬ ይይዛል። አየሩን ሲለቅ ፍሬዋ ከሥር ካለው የፕላስቲክ ትሪ ላይ፣ ጉድጓዷ ውስጥ ጠብ ትላለች። ጉድጓዶቹን የምሞላቸው በተፈጨ የኮኮናት ልጣጭ ነው፤ ላየው ሰው አፈር ይመስላል። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ፍሬ፣ አንድ ችግኝ። እፍኝ ሙሉ ዘር መደብ ላይ በትኖ ግማሹን ጉንዳን ሲበላው ቆሞ ማየት ቀረ።

መሬቱ ግን የአባቴ ነው። ቦርከና ዳር በመስኖ ከሚያለማው ማሳ ጥጉን ቆርሶ ሰጠኝ። ሲሰጠኝም፣ «አንድ በጋ አይሻለሁ። ጎረቤት ካማረረብሽ በሬ ጠምጄ አርሰዋለሁ። ዘር በእጅ፣ በቢስሚላህ ሲዘራ ነው በረካ ያለው» አለኝ።

«አባ፣ ቁልፉን የምጫነው በእጄ አይደል? ቢስሚላህም እላለሁ።»

«ምላስሽ!» አለና ሄደ።

መሬቱን ከወሰደብኝ መመለሻዬ ፋብሪካው ነበር። ወላሂ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ፀሐይን ያየኋት በመስኮት ነው።

የመጀመሪያው የቲማቲም ችግኝ እኩል በቀለ፣ እኩል አደገ። ከገዢዎቼ ሁሉ የቀደሙት ሐጂ ናቸው። ሐጂ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ማሳቸው ከእኛ በላይ ነው፣ የመስኖው ቦይም በእሳቸው በኩል አልፎ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ችግኞቹን አገላብጠው አይተው «ማሻ አላህ» አሉና ወሰዱ። እኔ ያን ቀን መሬት የምረግጥ አልመሰለኝም።

ብዙም ሳይቆይ ሰኞ ዕለት ደሴ ወጣሁ። ሰኞ ገበያ ውስጥ ትሪዎቼን ዘርግቼ ቁጭ ብያለሁ፤ ሐጂ ሰዉን እየገፉ መጡ። የያዙትን የማዳበሪያ ጆንያ እግሬ ሥር ገለበጡት። የኔ ችግኞች ናቸው፤ ደርቀው፣ ተጠቅልለው።

«ያ ማሽንሽ የወለደውን እይ! ሬሳ ነው የሸጥሽልኝ!»

ሰው ከበበን። እኔም ምላሴ አያርፍም፤ «ሐጂ፣ ውሃ አላጠጧቸው ይሆናል» አልኳቸው። ይህ ለገበሬ የሚባል ነገር አይደለም። ባልኩት ቅጽበት ፀፀተኝ፣ ግን ወጥቷል።

«እኔን? ጺሜ እስኪሸብት በመስኖ የኖርኩትን?» አሉ ጺማቸውን ይዘው። «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል። ወይ ይህን ነገር ትዘጊያለሽ፣ ወይ ከአባትሽ ጋር ውሃ አልጋራም።»

ከኋላ ደግሞ ሌላ ገዢ «የኔም ጠውልጓል» አለ። ያ አላህ! ትሪዎቼን ሰብስቤ ሚኒባስ ላይ አስጫንኩ። እስከ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ሁሉ አለቀስኩ። ከሐዘን አይደለም፣ ከንዴት ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «አብሽሪ ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» ሲሉኝ «ቲማቲም» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም።

ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል፤ ቤት ስደርስ አባቴ ሰምቷል። በማግስቱ ጠዋት ወደ ችግኝ ጣቢያው ስሄድ አንድ ትሪ አውርዶ ቦዩ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። «ራሴ ተክዬ አያለሁ» አለኝ። «ከሞተ በሬዬን እጠምዳለሁ።»

ቆሜ አየሁት። አንዷን ችግኝ ከጉድጓዷ መዘዘ። ጉልበቱ ላይ መታ መታ አደረጋትና ሥሯ የያዘውን ሁሉ አራገፈው። የቀረውን በጣቱ ጠራርጎ፣ ሥሯን ቦዩ ውስጥ ነክሮ አጠባት። ከዚያ ሁለተኛዋን። ቀጥሎ ሦስተኛዋን። ጎን ለጎን ደርድሮ በሣር ሊያስራቸው ነው።

«ተው አባ! ተው! ምን እያደረግክ ነው?»

በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ደንግጦ ቀና አለ። «ምን አደረግኩ? ላጸዳልሽ ነዋ!»

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። እኛ አገር ችግኝ ከመደብ ሲነቀል አፈሩ ይራገፋል፣ ሥሩ ይታጠባል፣ በእስር ታስሮ ገበያ ይወጣል። ከነአፈሩ ያመጣ ሰው እስሩን ለማወፈር አጭበረበረ ተብሎ ይሰደባል። ከመደብ የተነቀለ ቢሞት ቢሞት ሌላ ይተከልበታል፣ ማንም አይቆጥረውም። የትሪ ችግኝ ግን ሥሩ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ ያንን ልጣጭ አቅፎ ነው ያደገው። ሲራገፍ አብሮ ይበጣጠሳል፣ ፀሐይ ስትወጣበት ያልቅለታል። ሐጂም ችግኞቼን አንድ በአንድ አጥበው፣ ተጠንቅቀው ነው የገደሏቸው።

ጥፋቱ የማን ነው? ግማሹ የኔ ነው፣ እውነቱን ልናገር። ስሸጥላቸው «አታራግፉት» ያልኩት ሰው የለም። ሁሉ ሰው የሚያውቀው መስሎኝ! የማሽኑን ብሎን አንድ በአንድ ሳጠብቅ የሰዉን እጅ አላየሁም።

ዓርብ አባቴ «ቤት ሁኚ፣ እኔ እናገራለሁ» አለኝ። ምን ሲደረግ! የተከሰሰው የኔ ማሽን ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልኩት። ሽማግሌዎቹ መስጊዱ አጥር ሥር፣ ጥላው ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው «ይቅርታ በይና ነገሩ ይብረድ። ማሽኑንም ሽጪው» አሉኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«ሳልነግራችሁ በመሸጤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሞተውንም እተካለሁ። ስለ ማሽኑ ግን ይቅርታ አልጠይቅም» አልኩ። የሥሩን ነገር አስረዳኋቸው፤ ከነአፈሩ ነው የሚተከለው አልኳቸው።

ሐጂ ብድግ አሉ። «እኔ ችግኝ እንጂ አፈር አልገዛሁም! ደግሞ ልጅ ናት መትከል የምታስተምረኝ?»

«አዎ ሐጂ። ይህንን እኔ አስተምርዎታለሁ።»

ዓይኔን አልሰበርኩም። ከዚያ አባቴ ተነሣ። በሬዬን እጠምዳለሁ ሊል ነው ብዬ ነበር፤ አለቀልኝ ብዬ ነበር።

«ሐጂ፣ እኔም አራግፌ ነበር» አለ። «ይቺ ልጅ ጮኸችብኝ። በአባቷ ላይ ጮኸች። ልክ ነበረች። ውሃውን ከከለከልከኝ ከወንዝ እቀዳለሁ፤ ልጄ ግን አትዘጋም።»

ሐጂ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሰላም ሳይሉ ሄዱ። የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው እኮ።

የሚቀጥለው የውሃ ተራችን ሲደርስ ቦዩ ደረቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውም ተራ እንደዚያው። አባቴ አህያውን ጭኖ ወደ ቦርከና ይወርዳል፣ አራት ጀሪካን ሞልቶ ይመጣል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሦስተኛው ቀን ላይ ወገቡን ይዞ ሲቃትት አየሁት፤ እልኸኛዋ እኔ ተሸነፍኩ።

«አባ፣ ይቅር። ማሽኑን ልሽጠው። ከሐጂ ጋር ታረቅ፤ እኔን ፋብሪካው ይቀበለኛል።»

ጀሪካኑን አውርዶ ክዳኑን ፈታ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ዝም በይና ዝሪ» አለኝ።