አትጠገብ ያዞረችው መቀመጫ

ሶሲና እባላለሁ፤ ጅጅጋ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ይህን የምጽፈው ስለ ጎረቤቴ ስለ አትጠገብ ነው። ጥፋቱ በከፊል የኔ ስለሆነ ዝም ብል ይቆጠቁጠኛል።

አትጠገብ የመታጠቢያ ቤትና የወጥ ቤት ሴራሚክ አንጣፊ ናት። የወታደር ልጅ ናት፤ አባቷ ጅጅጋ ሰፍሮ ጅጅጋ ተቀበረ። ሙያውን የቀሰመችው ለባሏ ለአሥራት ሲሚንቶ እያቦካች፣ እጅ እጁን እያየች ነው። እሱ በ1994 ዓ.ም. ሲሞት ዕቃውን አንስታ ሥራ ወጣች። ከተማው «ሴት ደግሞ ምን ልትለጥፍ ነው?» አለ። ለጠፈች! ያም ሆኖ ስሟን የሚጠራ አልነበረም፤ «የአሥራትን ሚስት ጥሩልኝ» ነው የሚባለው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሟች ከመቃብር ወጥቶ የሚሠራ ይመስል።

ብቻዋን መጀመሪያ የሠራችው ኤዶ ኩልሱም የሚባሉ ባልቴት ቤት ነበር፤ «ኤዶ» በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ መርቀው ሸኟት። ከሁለት ወር በኋላ በዚያ ስታልፍ ኤዶ ኩልሱም ማንቆርቆሪያቸውን አንጠልጥለው ከጎረቤት ሽንት ቤት ሲወጡ አገኘቻቸው።

«ኤዶ፣ ቧንቧው ተበላሸ እንዴ?»

«አይ ልጄ፣ ቤቱስ ቆንጆ ነው። የሽንት ቤቱን መቀመጫ ግን ወደ ቂብላ አድርገሽዋል። ወደምሰግድበት ዞሬ እንዴት ልቀመጥ? አንቺ ደግሞ ሐዘንተኛ ነሽ፤ በምን አፌ አፍርሺ ልበልሽ?»

አትጠገብ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ዕለቱን መዶሻ ይዛ ተመለሰች፤ መቀመጫውን ነቅላ ወደ ምሥራቅ አዙራ ደግማ ሠራችው። ከዚያ ወዲህ የሰው ወለል ከመንካቷ በፊት የምትጠይቀው አንድ ነው፤ «የምትሰግዱት በየት በኩል ነው?»

በ2006 ዓ.ም. የኔው መሥሪያ ቤት የምርጥ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ውድድር አወጣ። የአሸናፊው ስም በምስክር ወረቀት ላይ ይጻፋል ተባለ። ወሬውን የነገርኳት እኔ ነኝ። «ሶሲ፣ ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ስሜ ይጻፍ» አለችኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ሐጂ ዋበሪ የሚባሉ ነጋዴ አዲሱን ቤታቸውን ለውድድሩ አስመዘገቡ፤ የውስጥ ሥራውን ለአትጠገብ ሰጡ። ፕላኑ ግን ከአዲስ አበባ የመጣ ቀናው የሚባል ወጣት ኢንጂነር ነው የሠራው። ፕላኑ ላይ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰሜን፣ ወደ መካ ሰጥቷል። አትጠገብ ይህንኑ ለቀናው ነገረችው።

«እትዬ፣ በፕላኑ ሥሪ» አላት። «ዳኞቹ የሚያዩት ፕላኑን ነው።»

«ዳኞቹ አይተው ይሄዳሉ። የሚቀመጡበት ሐጂ ናቸው።»

«ካዞርሽው ከውድድር እንወጣለን!»

«እንውጣ! ሥራን ለሠሪው እሾህን ላጣሪው ሲባል አልሰማህም?»

እንውጣ ስትል የምትጥለው ያንኑ ያለመችውን ስሟን ነበር፤ እያወቀች ነው የጣለችው። በማግሥቱ እሱ ሳይደርስ የፍሳሽ ቱቦውን አዙራ ወለሉን ደፈነችው። እዚያም አላቆመች። ለውዱእ፣ ከስግደት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ የሚሆን ዝቅ ያለ ቧንቧ ጨመረች፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ሴቶቹ ቁጭ ብለው ለሖህ የሚባለውን ስስ ቂጣ የሚጋግሩበት የከሰል ምድጃ ሠራች። ቀናው ሦስት ቀን አኮረፋት።

ዳኞቹ ሲመጡ ምን ወደዱ? መቀመጫውን፣ ቧንቧውን፣ ምድጃውን! ፕላኑ ላይ የሌለውን ሁሉ። ቤቱ አንደኛ ወጣ። ከዚያ ደብዳቤው እኔ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ፤ ምስክር ወረቀቱን የምተይበው እኔ ነኝና። «ለአካባቢው ባህል ተስማሚ ንድፍ፣ ኢንጂነር ቀናው» ይላል። አለቃዬን ልጠይቅ ተነሳሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተየብኩት። በራሴ አፍሬያለሁ።

የሽልማቱ ቀን ቀናው ምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ስለ ባህል ያወራ ጀመር፤ የነዋሪውን ልማድ እንዴት እንዳጠና ተናገረ። አትጠገብ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች።

«ኢንጂነር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቂብላ በየት በኩል ነው?»

ቀናው ሳቅ አለ። ግድግዳውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። በመጨረሻ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ።

«እሱማ የሐረር መንገድ ነው!» አሉ አንድ ሽማግሌ ከጥግ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኤዶ ኩልሱም በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ወላሂ፣ ያዞረችው እሷ ናት» አሉ። «የኔንም ቤት እሷ ናት ያዞረችው። ስሟን ጻፉ!»

አለቃዬ ዞር ብሎ አየኝ። «ሶሲና፣ ይህን ማን ጻፈ?»

«እኔ» አልኩ። «እንደታዘዝኩት ጻፍኩ። ሥራው የእሷ መሆኑን ግን አውቅ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሌላ ምስክር ወረቀት ተየብኩ፤ አለቃዬ አንገቱን ደፍቶ ማኅተም አደረገበት። ማታውኑ ቤቷ ይዤላት ሄድኩ። አትጠገብ በሲሚንቶ የተሰነጣጠቀ ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ።

«የአሥራትን ስም ጨምሪበት» አለች። «ያስተማረኝ እሱ ነው። እኔ እንደነሱ የሰው ድካም አልበላም።»