ባለራጁ፣ ጅራታሙ ወፍና አንድ ጠዋት

ይህን ነገር መጀመሪያ የነገረችኝ ራሷ የባለራጁ ሚስት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምትሰፋው። ሱሪዬን ልታሳጥርልኝ ሰጥቻት፣ ስፒሉን በከንፈሯ ይዛ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ አወራችልኝ። የጎደለውን ባልየው ሞላልኝ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ሰው ከሐኪሙ የደበቀውን ለኔ ያወራል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ስገፋ፣ በሽተኛ ሁሉ በጀርባው ተኝቶ ሽቅብ እያየኝ ጉዱን ሲዘረግፍልኝ ነው የኖረው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ከኔ የበለጠ የሰው ሆድ አውቃለሁ የሚል ዶክተር ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ባልየው ባለራጅ ነው። ያው ደረትና አጥንት የሚያነሳው። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያች ክፍል! መስኮት የላትም። በሯ ጨረር እንዳያሳልፍ ውስጡ እርሳስ ስላለበት አይጣል ነው ክብደቱ፤ ሌሎቹ ለሁለት ነበር የሚገፉት፣ እኔ በአንድ ትከሻ። ከበሩ በላይ ያለችው ቀይ መብራት ስትበራ ማንም አይገባም። እሱ ያንን ከባድ ሽርጡን አጥልቆ፣ "አገጭ ቀና፣ ትከሻ ወደ ፊት፣ ትንፋሽ ያዝ... ተንፍስ" ይላል። በቀን ሰማንያ ጊዜ፣ ዘጠና ጊዜ። በእንቅልፉም ይለዋል አሉ።

"ጋሼ ይሙቱ፣ መጀመሪያ ሰሞን እኔም ከእንቅልፌ ባንኜ ትንፋሼን እይዝለት ነበር" አለችኝ ሚስትየው። "ተንፍሺ ሳይለኝ ያንኮራፋል።"

ሳቅን። የሷ ሳቅ ግን ገና ሳይጀምር ደከመው።

ታዲያ ይሄ ሰው በወፍ ያበደ ነው። እኛም "ወፎ" ነው የምንለው። ካሜራውን ሠርግ ሲያነሳ ከነበረ ሰውዬ ላይ አሮጌውን ገዛ፤ አፉ ክንድ ያህላል፣ የዛሬውን ክንዴን ሳይሆን የድሮውን። ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ የሳሙና ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ አለ። ለሰው ይሸታል፣ ለወፍ ግን ገነት ነው መሰለኝ፣ የማይመጣ ዓይነት የለም። ወፎ ጎህ ሲቀድ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን ገብቶ ሽርጡን ያጠልቃል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው። እሁድም ጭምር።

"ምን ይረባሃል?" አልኩት አንድ ቀን።

"ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ የማነሳው የታመመ ነው። እነዚህ ምንም አላመማቸውም።"

"አንተንስ?"

"እኔን ደክሞኛል እንጂ አላመመኝም" አለና ካሜራውን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

የኔን ደረትም አንስቶኝ ያውቃል። "ጋሼ፣ ሳንባዎ የሃያ ዓመት ልጅ ነው" ብሎኛል። ምስክሮች አሉኝ። እሱን ተዉት።

ወደ ሚስትየው ልምጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትነቃ ጎኗ ያለው ቦታ ቀዝቅዞ ነው የሚጠብቃት። ሻይዋን ብቻዋን ትጠጣለች። ማታ ይገናኛሉ እንዳትሉኝ፤ እሷ ከስፌት መኪናው ወገቧ ተቆርጦ ትነሳለች፣ እሱ እግሩን እየጎተተ ይገባል። "ማታማ ሁለት በድን ነን" ነው ያለችኝ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እኮ ጠጥቶ ለሚዞር ባል ነው። ይሄ ደግሞ አይጠጣ፣ አይዞር፣ አይሳደብ። በምን ትክሰሰው? በወፍ? ዳኛው ይስቅባታል።

ባለፈው ዓመት ሴት ልጃቸው ሥራ ያዘችና ሐይቅ ዳር ያለች የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሰባት ቀን ከፈለችላቸው። በትዳራቸው ሙሉ አብረው እረፍት ወጥተው አያውቁም። እኔም ወጥቼ አላውቅም፤ አንዴ አስገድደው አሥር ቀን ፈቃድ ቢሰጡኝ በሦስተኛው ቀን ኮሪደር ላይ አልጋ ስገፋ አገኙኝ። አለቃዬ "አንተ ሰው፣ ምን ልትሠራ መጣህ?" ብትለኝ፣ "ቤት ውስጥ የሚገፋ አጣሁ" አልኳት።

ሻንጣ ሲያዘጋጁ ሚስትየው ካሜራውን አንስታ ራሷ ከተተችለት።

"ያዘው" አለችው። "ቀኑን ሙሉ ከፈለግህ ዛፍ ላይ ዋል። ጠዋት ጠዋት ግን የኔ ነህ። ሰባት ጠዋት። አንዷን ጥለኸኝ ብትወጣ ሁለተኛ ካንተ ጋር የትም አልሄድም። ሻይም አላፈላልህም።"

"እምልልሻለሁ!"

"አትማል። ተኛልኝ፣ ይበቃኛል።"

ሦስቱን ጠዋት ጠበቀ። በረንዳው ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ፣ ፊት ለፊታቸው ውሃ። ብዙም አላወሩ። እንዴት ያውሩ? የሃያ ሁለት ዓመት ጠዋት ተጠራቅሞ ከየት ይጀመራል? ብቻ ወፍ በጮኸ ቁጥር አንገቱ ይዞራል፤ እሷ፣ "አንገትህን መልስ" ትለዋለች፤ ይመልሳል። በሦስተኛው ቀን ሳትለው መለሰ። "ያን ቀን ቁርስ አልጣፈጠኝም አልልም" አለችኝ። የሷ ደስታ አነጋገሩ እንዲህ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን የግቢው አጥር ጥግ ቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ አየ። ወፉን እሱ የሚጠራበት ስም አለው፣ እኔ ጅራታሙ ነው የምለው። ሰውነቱ ጭብጥ አይሞላም፣ ጅራቱ ግን እንደ ጥብጣብ ተለቆ ይወርዳል። በኛ ኩሬ በሃያ ሁለት ዓመት ሁለቴ ነው ያየው፤ ጎጆውን አይቶ አያውቅም። እዚህ ግን አባትየው ራሱ ጫጩቶቹን ታቅፎ፣ ጅራቱ ከጎጆው ውጭ ተንጠልጥሏል። ሦስት ጫጩት። አባት ልጅ ሲያቅፍ ማየት ብርቅ ነው መቼም፣ በሰውም።

ችግሩ፣ ከፊትም ከላይም አንድ ቅጠላም ቅርንጫፍ ሸፍኖታል። ብርሃንም ቢሆን ለፎቶ የሚሆነው ጎህ ሲቀድ ብቻ ነው አለኝ። እኔ ይሄን አላውቅም፤ እሱ ካለ ነው።

ሌሊቱን አልተኛም። "ሚስትህን ብትጠይቃትስ?" አልኩት ሲነግረኝ።

"እሺ ትለኝ ነበር።"

"ታዲያስ!"

"እሱን ነዋ የፈራሁት። እሺታዋ ደክሞታል ጋሼ። አንድ ጊዜ ደግሞ እሺ ባስብላት... እኔ እንጃ።"

ጎህ ሲቀድ በባዶ እግሩ ወጣ። ከሷ ቦርሳ ለቁልፍ መስፊያ የምትይዘውን ወፍራም አረንጓዴ ክር አወጣ። ቅርንጫፉን ጎትቶ ከአጥሩ ጋር አሰረው። ቀጭ የሚል ነገር ሰማ፤ ግን ወዲያው ጅራታሙ ምግብ ይዞ መጣ። ሦስቱም አፋቸውን ከፈቱ። ወፎ ትንፋሹን ያዘ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሲያስይዝ የኖረውን ትንፋሽ እሱ ያዘ። ከዚያ አነሳ፣ አነሳ፣ አነሳ።

አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ተመልሶ እግሩን ጠርጎ ገባና ጎኗ ጋደም አለ። ስትነቃ ሌሊቱን እዚያው እንዳደረ ሊመስል እኮ ነው! ሻይ ከጠጡ በኋላ ሹልክ ብሎ ክሩን ሊፈታው ነበር ሐሳቡ። ዓይኑን ለማስመሰል ጨፈነ። ምን ዋጋ አለው፣ ድካም ማስመሰል አያውቅም፤ እውነቱን ይዞት ሄደ።

እሷ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃች። ቀና ብላ ስታይ ባሏ ጎኗ አለ፣ አፉን ከፍቶ። እንዲህ ቀድማው ነቅታ አታውቅም። በእግሯ ጣት እየረገጠች ወጣች። ሁለት ብርጭቆ ቀዳች፤ የሱ ቀዘቀዘ፣ ደፍታ ሌላ ቀዳች፣ እሱም ቀዘቀዘ። አልቀሰቀሰችውም። ይተኛ፣ ስንት ዓመት ያልተኛው አለበት አለች።

አራት ሰዓት ገደማ ፀሐዩ አናት ሲመታ ከአጥሩ ጥግ የወፍ ጩኸት ሰማች። የሚዘምር ጩኸት አይደለም። ሄደች። መጀመሪያ ያየችው ክሩን ነው።

"የገዛ ክሬን አላውቀውም ጋሼ?" አለችኝ። ስፒሉን ከከንፈሯ አውጥታ ነው እንዲህ ያለችኝ።

ፈታችው። ቅርንጫፉ ግን ከሥሩ ተሰንጥሮ ስለነበር አልተመለሰም፤ ቅጠሉ ጠውልጎ ወደ መሬት ተንጠለጠለ። ጎጆው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፤ እናትየው ጠርዙ ላይ ቆማ ክንፏን ዘርግታ ጥላ ልትሆናቸው ትታገላለች። ያቺ ምን የምታህል ክንፍ! አንደኛው ጫጩት አንገቱ ወድቋል።

ሴትየዋ ሮጣ ጃንጥላዋን አመጣች። ጎጆው ከሰው ራስ ትንሽ ከፍ ይላል። ክንዷን ሰቅላ፣ ጃንጥላውን በላዩ ዘርግታ ቆመች። ወፎቹ ሸሹ። እሷም እንደ ግንድ ደርቃ ቀረች። ቆይተው ቆይተው መጡ፣ ከጃንጥላው ሥር ገብተው ማብላት ጀመሩ።

ወፎ ሰባት ሰዓት ላይ ነቃ። አልጋው ባዶ፣ በረንዳው ባዶ። ክሩ ትዝ ሲለው እየሮጠ መጣ።

"አንቺ! ምን እየሠራሽ ነው?"

"ቀስ በል። አትጩህ።"

"ለምን አልቀሰቀስሽኝም?"

"እስከ በሩ መጥቼ ነበር። ስታንኮራፋ ሰማሁህ፣ ተመለስኩ።"

"ስንት ሰዓት ቆምሽ?"

"አላውቅም። እጄ መደንዘዙንም ከተወው ቆየ።"

ወደ ጎጆው አየ። "ሦስት ነበሩ" አለ።

"ሁለት ናቸው" አለች።

ጃንጥላውን ተቀበላት። እሷ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ እስኪጨልም ተኛች።

እኔ ይሄን ስሰማ፣ "ሁለት እንጨት ተክላችሁ ጨርቅ አትወጥሩም ነበር? እኔ ብሆን በግማሽ ሰዓት አዳራሽ እሠራላቸው ነበር!" አልኩት። ሞክሯል ለካ። ነፋሱ ጨርቁን ሲያርገበግበው ወፎቹ አንጠጋም አሉ። ዝም ብሎ የቆመ ሰው ይሻላቸዋል። ስለዚህ በየቀኑ ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ቆመ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ አብሯት ይቀመጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን አንድ ብርጭቆ ነው ያለው። የራሱን ራሱ ያፈላል። ቀትር ላይ ውሃ ታመጣለታለች፣ ሳታናግረው አስይዛው ትመለሳለች። ካሜራው ከሻንጣ አልወጣም። በስድስተኛው ቀን ሁለቱም ጫጩቶች ከጎጆው ዘለው ጥላ ወዳለበት ቅርንጫፍ ገቡ። እሱ ጃንጥላውን አጥፎ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። መነሳት አቃተው። እሷ መጥታ በብብቱ ይዛ አነሳችው።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ነው አፏን የከፈተችው።

"ያቺን ፎቶ አምጣት።"

"ላጥፋት ብዬ ነበር።"

"አምጣት አልኩህ።"

ካሜራውን ከፍቶ ሰጣት። ብዙ ጊዜ ይዛ አየችው። ጅራቱ፣ ብርሃኑ፣ የተከፈቱት አፎች።

"እዚህ ላይ ሦስቱም አሉ" አለች። "አታጥፋት።"

"ማሪኝ" አላት። "ካሜራውን እሸጠዋለሁ። ሁለተኛ ኩሬው ጋ አልደርስም። ያን ሁሉ ዓመት..."

"ያን ሁሉ ዓመትማ በግልጽ ነው የወጣኸው። ጫማህን እያንኳኳህ። ከፍቶኝ ነበር፣ ግን አላታለልከኝም። ሃያ ሁለቱን ዓመት ምሬሃለሁ። ካሜራህንም ያዝ። ያቺን ጠዋት ግን፣ የገዛ ክሬን ወስደህ፣ ጎኔ መጥተህ እንደተኛ ሰው የተነፈስክባትን፣ አልምርህም።"

አሁን ወደ ኩሬው የሚሄደው በሳምንት ሁለቴ ነው። ሲወጣ "ወጣሁ" ይላታል፤ "ውጣ" ትለዋለች። በቀሩት ቀናት ሻይ ታፈላለች፣ በሁለት ብርጭቆ። እኔ በዕድሜዬ ያላስታረቅሁት ባልና ሚስት የለም፤ ዱላ የተማዘዙትን ሳይቀር በአንድ አልጋ ገፍቼ ያስታረቅሁ ሰው ነኝ። የሷን ነገር ሦስት ጊዜ ሄጄ ሞከርኩ። በሦስተኛው መኪናዋን አቁማ፣ ዓይኗን በመዳፏ አሽታ፣ "ጋሼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ማርኩ፣ አይበቃም?" አለችኝ።

ወጣሁ። ያቺ አንድ ጠዋት እስከ ዛሬ አለችበት።