ወንዝ ያደረቀው ዮሐንስ

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ያ ጣሊያን ከይጁቤ ወረድ ብሎ የሚያልፈው ወንዛችን በበጋ ለምን እንደሚደርቅ ሊያጠና ነበር የመጣው። ውሃው ዳር ቀለም የተቀባ እንጨት ተክሎ ሲያበቃ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ። ከመቼ ወዲህ ነው የሚደርቀው? እየባሰበት ነው ወይስ እየተሻለው? ጥያቄውስ ባልከፋ። የከፋው አስተርጓሚው ነው። አማርኛን ከየገበያው የለቃቀመ፣ እኛ ዓመቱን በአራቱ ወንጌላውያን በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስ፣ በዮሐንስ እየሰየምን እንደምንቆጥር እንኳ የማያውቅ ሰው ነበር።

አባቴ ተነሥቶ፣ "ይህን ወንዝ ድራሹን ያጠፋው ዮሐንስ ነው። ከዚያ በፊትም ያደረቀው እሱው ነው። ማቴዎስ ግን ይሞላዋል" አለ። የዮሐንስን ዘመን ማለቱ ነው፤ ከእኛ መካከል ይህ የማይገባው አንድም ሰው አልነበረም።

አስተርጓሚው ሲነግረው የጣሊያኑ ፊት ተለወጠ። "የታለ ይሄ ዮሐንስ? አምጡት! ውሃውን ወዴት ነው የሚጠልፈው?" አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ምነው ባልሳቁ! ሰውዬው የተናቀ መሰለው።

የደብራችን መሪጌታ ነገሩን ሊያበርዱ፣ "ኧረ ሰው አይደለም፣ ወንጌላዊው ነው" አሉ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ ያ ደንቆሮ ምን ብሎ እንደተረጎመው እግዜር ይወቀው። የተመለሰልን ቃል ግን፣ "ሰባኪ ከሆነማ ሕዝቡን የሚያሸፍተው እሱ ነው" የሚል ነበር።

ከዚያ ወዲያ የጎደላቸው የስሙ ሞክሼ ብቻ ነበር። እሱም ተገኘ፤ የእናቴ ወንድም በዚያው ስም ይጠራ ነበር። ከማሳው ላይ በሬዎቹን እንደጠመደ ያዙት፤ የፊጥኝ አስረው ካሚዮን ላይ ጫኑትና ደብረ ማርቆስ ወሰዱት። "የምን ወንዝ? የማርሰው ሜዳ ላይ አይደለም ወይ!" እያለ ሲጮኽ ሰምቼዋለሁ። ጥማድ የያዝሁ ጎልማሳ ነበርሁ፤ ጠመንጃ ግን አልነበረኝም።

አጎቴ እንደታሰረ በጋው ገባና ወንዙ ደረቀ። አባቴ ይህ ያስፈታዋል ብሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ገሠገሠ። "ሰውዬው በእጃችሁ ታስሮ ሳለ ውሃው ደረቀ፤ እንግዲህ ምን ጥፋት አለበት?" ቢላቸው፣ "እንግዲያው ግብረ አበሮች አሉት፤ እነማን ናቸው?" አሉት። እንዲህ ያለውን ግፈኛ በምን አፍ ያስረዱታል! አባቴ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። አጎቴን እዚያው እስር ቤት ተስቦ በላው፤ ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም።

እናቴ ባሏን አልሰደበችውም፣ አላኮረፈችውም። ብቻ ከዚያ በኋላ ዘመን ስትቆጥር ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ ትልና ዝም ትላለች። አባቴም አራተኛውን እስኪሞት ድረስ በአፉ አልጠራውም።